ዶቅዶቄውን ልግዛ ወይስ ስሙን?

«የቻይና ዕቃ» ስለሚባለው ፍርዳችን ጥቂት ትችት

ከካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ፣ ሮም

ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ የገፋፋኝ አንድ ሞተር ብስክሌት ነው። ቁም ነገር የለመዳችሁ አንባቢያን «ይህ ሁሉ የሀገር ጉዳይ ተቀምጦ ስለ ዶቅዶቄ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ጥቂት እንድትታገሡኝ እለምናለሁ፤ የነገሩ ጫፍ ራቅ ብሎ ነው የሚገኘው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የምኖረው ከሮም በስተሰሜን፣ የፍላሚኒያን መንገድ ተከትለው ሲወጡ በምትገኘው በካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ ነው። ኮረብታ ላይ የተቀመጠች፣ ከሥሯ የቴቬሬ ወንዝ ሸለቆ የተዘረጋላት፣ ራቅ ብሎ ደግሞ ብቻውን የቆመው የሶራቴ ተራራ የሚታያት ትንሽ ከተማ ናት። ብዙዎቻችሁ ስሟን የምታውቁት በስደተኞች መቀበያ ማዕከሏ ሊሆን ይችላል። በመጋቢት 2016፣ በጸሎተ ሐሙስ ዕለት፣ ጳጳስ ፍራንቸስኮ መጥተው የስደተኞችን እግር ያጠቡት እዚያ ነበር፤ ከእነዚያ መካከል ኤርትራውያን ሴቶች ነበሩበት። በጥር 2019 መንግሥት ማዕከሉን ዘግቶ ነዋሪዎቹን በአውቶቡስ እየጫነ ሲበትናቸውም ወሬው ከጣልያን አልፎ ተሰምቷል። እኔ በዚያ ግቢ ለዓመታት በአስተርጓሚነት ሠርቻለሁ። ማዕከሉ ከተዘጋ ወዲህ ሥራዬ ወደ ሮም ሄዷል። በእኩለ ሌሊት ስልክ ተደውሎ «ሆስፒታል ድረስልን፣ ፖሊስ ጣቢያ ድረስልን» የሚባልበት ሥራ ነው። በዚያ ሰዓት ባቡር የለም፤ አሮጌዋ መኪናዬም ባለፈው ዓመት «በቃኝ» ብላ ቆማለች።

ዶቅዶቄ ያስፈለገኝ በዚህ ምክንያት ነው ብል ግማሹን እውነት መናገሬ ነው። ሌላው ግማሽ፣ በልጅነቴ የእርሻ ኤክስፐርቱ ሞተር ወደ መንደራችን በመጣ ቁጥር አቧራውን እየዋጥኩ ከኋላው እሮጥ ነበር። ሃምሳን ያለፈ ሰው እንዲህ ያለውን ምክንያት ለሚስቱ አይነግርም፤ ለአንባቢ ግን ይናገራል።

ዓይኔ ያረፈበት ሲኤፍሞቶ የተባለው የቻይና ፋብሪካ የሠራው 450 ኤምቲ ነው። በ2023 መጨረሻ በሚላኖው የሞተር ብስክሌት ትርኢት ቀርቦ በ2024 ገበያ ላይ የዋለ፣ ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የታሰበ ማሽን ነው። አሜሪካ ያላችሁት የምታውቁት «አይቤክስ 450» በሚል ስም ነው። አይቤክስ ማለት የእኛው ዋልያ የሚመደብበት የዱር ፍየል ወገን ነው። ይህን ሳውቅ ልቤ ትንሽ እንደተደለለች አልክድም።

ሐሳቤን መጀመሪያ ያማከርኩት አንድ የቆየ ወዳጄን ነው። ሮም ከገባ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ብዙ ያነበበ፣ በ2012 አፊሌ በተባለች መንደር ለግራዚያኒ መታሰቢያ ሲሠራ ፊርማ ለማሰባሰብ ከቤት ቤት የዞረ ሰው ነው። ተርሚኒ አጠገብ ቡና ይዘን ነገሩን ሳነሳበት ስኒውን አስቀምጦ ትክ ብሎ አየኝ።

«አንተ፣ ጤና የለህም እንዴ? ሮም ተቀምጠህ የቻይና ሞተር ልትገዛ? የጣልያን ሞልቶ!»

ስቄ አለፍኩት። ማታ ባቡር ውስጥ ተቀምጬ ግን «የጣልያን ሞልቶ» የምትለዋ አነጋገር አልለቅ አለችኝ። ይህን ያለኝ የአፊሌን መታሰቢያ የተቃወመው ያው ሰው ነውና።

እስቲ ቋንቋችንን ልብ ብለን እንስማው። በአማርኛችን «የቻይና» የሚለው ቃል የሀገር ስም መሆኑ ቀርቶ ቅጽል ከሆነ ቆይቷል። ቶሎ የሚሰበር፣ አስመሳይ፣ ዕድሜ የሌለው ማለት ነው። ከመርካቶ የተገዛ ጫማ በሳምንቱ ሶሉ ሲላቀቅ፣ ሶኬት ሲቀልጥ፣ «ምን ታደርገዋለህ፣ የቻይና ነው» ይባላል። «የጣልያን» ደግሞ በአንጻሩ ጸንቶ የሚኖር ማለት ነው። የጣልያን ድልድይ፣ የጣልያን መንገድ፣ የጣልያን ቤት። በጣርማ በር ዋሻ ያለፈ መንገደኛ «ጣልያን እኮ ሲሠራ እንዲህ ነው» ሳይል አይወጣም፤ ዋሻው የተፈለፈለበትን ዓላማና የማን ጉልበት እንደፈሰሰበት የሚያነሳ ብዙ የለም። አምስት ዓመት የወረረን፣ የካቲት 12ን ያደረሰብን ጠላት ስም የጥራት ማኅተም ሲሆንልን፣ አንድም ቀን ያልወረረን ሀገር ስም ስድብ ሆነ። ይህን ስል ጣልያኖች ጥሩ መሐንዲሶች አይደሉም ማለቴ አይደለም። እኔ በሀገራቸው እበላለሁ፤ ሥራቸውን በየቀኑ አያለሁ። የምለው፣ ፍርዱ ዕቃውን ከማየት በፊት ከአፋችን ይወጣል ነው። (ከመስኮቴ የሚታየኝ የሶራቴ ተራራ ሆዱ የተቦረቦረው ሙሶሊኒ በ1937 ባስጀመረው የምሽግ ሥራ ነው፤ የእኛ የካቲት 12 በደረሰበት ዓመት ማለት ነው። እሱም ዛሬ ድረስ ጸንቶ ቆሟል። መጽናት ብቻውን ምን ያህል የሚመሰገን ነገር እንደሆነ ተራራውን ሳይ ግራ ይገባኛል።)

ፍትሐዊ ለመሆን፣ «የቻይና» የሚለው ስድብ እንዲያው ከሰማይ አልወረደም። ዕቃው በእውነት ይሰበር ነበር። ነገር ግን አስመጪያችን ጓንግዡ ሄዶ ምን ይጠይቃል? ሁሉንም ዓይነት ከሚሠራው ፋብሪካ ፊት ቆሞ «ከዚህ የሚረክስ የለህም?» ይላል። ፋብሪካውም በተከፈለው ልክ ይሠራለታል። ስለዚህ መርካቶ የምናውቀው «የቻይና ዕቃ» የሚመሰክረው የእኛን የገበያ አቅም ነው፤ የቻይናን የእጅ ሥራ ችሎታ ለመለካት አይበቃም። ቻይናውያን በ1970ዎቹ መሥራት የጀመሩት የወልድያ ወረታ መንገድ በዚያ ሁሉ ገደልና ተራራ አልፎ ወሎንና ጎንደርን ካገናኘ ዘመን ተቆጥሯል። «የቻይና ሥራ» የሚለውን አነጋገር ግን ቅንጣት ታህል አልለወጠውም። ቅጽል ከረጋ በኋላ ማስረጃ አይሰማም።

የጋራዥ አማርኛችንም ለዚህ የራሱ ድርሻ ያለው ይመስለኛል። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ካቴና፣ ሰርባቶዮ፣ ካቻቢቴ፣ ታርጋ፣ ቦሎ። ጣልያንኛ አንድ ቀን ያልተማረ የጎንደር ወይም የደሴ መካኒክ ሮም ጋራዥ ቢገባ ግማሹን ዕቃ በስሙ ጠርቶ ማዘዝ ይችላል። እኔ ራሴ መጀመሪያ እዚህ ስመጣ፣ ዳቦ መግዣ ቃል ሳላውቅ የመኪና ሆድ ዕቃ በሙሉ በጣልያንኛ መቁጠር እችል ነበር። ተገርመው «የት ተማርከው?» ይሉኛል። «አያቶቻችሁ ጥለውት ሄደው ነው» እላቸዋለሁ። ያን ጊዜ ዝም ይላሉ። ማሽንን በጣልያን ስም የተዋወቀ ሕዝብ ማሽን ሁሉ የጣልያን ቢመስለው ብዙ አይፈረድበትም። ሮም ተቀምጦ ዘመኑን የሚያነብ ምሁር ሲለው ግን ይፈረድበታል።

ለማንኛውም ወዳጄን በሌላ ቀን አግኝቼ «የጣልያን ሞልቶ ስትል የትኛውን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ቤኔሊ አለልህ፤ ሞቶ ሞሪኒ አለልህ» አለኝ።

ነገሩ የሚያስቀው እዚህ ላይ ነው። ቤኔሊ በ1911 በፔዛሮ ከተማ ቴሬዛ ቤኔሊ የተባለች እናት ለልጆቿ መተዳደሪያ ብላ የመሠረተችው፣ በእውነትም የተከበረ የጣልያን ቤት ነው። ከ2005 ጀምሮ ግን ባለቤቱ ቺያንጂያንግ የተባለ የቻይና ኩባንያ ነው። ቲአርኬ 502 የተባለው ሞተሩ በ2021 ስኩተር ሳይቆጠር በጣልያን ምድር ከማንኛውም ሞተር ብስክሌት በላይ ተሽጧል። የሚሠራውም ቻይና፣ ዌንሊንግ በተባለ ከተማ ነው። ሞቶ ሞሪኒም እንዲሁ ነው፤ በ1937 ቦሎኛ ተወልዶ በ2018 ለቻይናው ዦንግነንግ ተሸጧል። በ2021 ያወጣው ኤክስኬፕ የተባለው ሞተር ደግሞ ልቡ፣ ማለትም ሞተሩ ራሱ፣ የሲኤፍሞቶ ሥራ ነው። ወዳጄ «አትግዛ» ካለኝ ፋብሪካ የወጣ ሞተር፣ የጣልያን ስም ስለተለጠፈበት ብቻ «ግዛ» ተባልኩ ማለት ነው።

በዚህ ብቻ አያበቃም። የኦስትሪያው ኬቲኤም 790 የሚባሉትን ሞተሮቹን የሚያሠራው በዚያው በሲኤፍሞቶ ዘንድ ነው። ቢኤምደብሊው ኤፍ 850 ጂኤስ ለተባለው ሞተሩ ልቡን ያሠራው ሎንሲን በተባለ የቻይና ፋብሪካ ነው፤ ጂ 310 የሚባሉትን ትንንሾቹን ደግሞ የሕንዱ ቲቪኤስ ነው የሚሠራለት። ቲቪኤስን ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ የሚኖር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የኬቲኤም ዕጣ ነው። በኅዳር 2024 ዕዳ አስጨንቆት ፍርድ ቤት ደጅ የቆመውን ይህን ኩሩ የአውሮፓ ቤት በ2025 ገንዘብ ይዞ ያዳነው ማን መሰላችሁ? ባጃጅ! አዎን፣ ስሙን ለባለ ሦስት እግር ታክሲ ያወጣንለት፣ «ባጃጅ ጥራ» እያልን የምንልከው ባጃጅ። የአልፕስ ተራራ ሥር የተሠራ ሞተር ደረቱን ነፍቶ ሲያልፍ ባየሁ ቁጥር የናዝሬት ልጆች ትዝ ይሉኛል።

እውነተኛ የጣልያን ሥራ ጠፍቷል ማለቴ አይደለም። ዱካቲ ቦሎኛ ይሠራል፤ ባለቤቶቹ ግን ከ2012 ጀምሮ ጀርመኖች ናቸው። ሞቶ ጉዚም ኮሞ ሐይቅ ዳር ዛሬም ይሠራል። የእነሱ ዋጋ ከእኔ ኪስ ጋር አይተዋወቅም፤ ስለዚህ አልፌአቸዋለሁ።

እዚህ ላይ «ገንዘብህን ለቻይና መንግሥት ማቀበል ኅሊናህን አይቆረቁርህም?» የሚለኝ አንባቢ ሊኖር ይችላል። ጥያቄው የተከበረ ነው። በዚያ ምክንያት የማይገዛ ሰው ካለ አከብረዋለሁ፤ ይህን ጽሑፍ የሚያነብበትን ስልክ የት እንደተሠራ ግን ገልብጦ ቢያይ ደስ ይለኛል። ያ የፖለቲካ ክርክር ነው፤ በፖለቲካነቱ እንከራከርበት። «አይረባም» የሚል ልብስ ለብሶ ሲመጣ ነው የማልቀበለው።

አሁን ወደ ሞተሩ። ባለፈው ወር ሻጩ ዘንድ ስሄድ ብቻዬን አልሄድኩም። ስለ ሞተር ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አንድ ወጣት ይዤ ነው የሄድኩት። ይህ ልጅ ከዓመታት በፊት በማዕከሉ ሳለ ቃሉን ለኮሚሽኑ ያስተረጎምኩለት ነው። ዛሬ ሮም ውስጥ በስኩተር ምግብ ያደርሳል። በቀን አሥር ሰዓት ኮርቻ ላይ የሚውል ሰው ስለ ሁለት ጎማ የሚናገረውን መስማት ከመጽሔት ማንበብ ይሻላል።

መደብሩ ግድግዳ ላይ ትልቅ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። የሌላ ፋብሪካ ማስታወቂያ ነው። አንድ ነጭ ጎልማሳ ማለቂያ በሌለው አሸዋ ላይ ሞተሩን እያስጓራ ብቻውን ይሄዳል። ይህ ዓይነቱ ሞተር ፈረንጆቹ «አድቬንቸር» የሚሉት ነው። በአማርኛ ጀብዱ እንዳንለው፣ በእኛ ዘንድ ጀብዱ ለጦር ሜዳ የሚባል ነገር ነው፤ ቅዳሜና እሑድ የሚሸመት አይደለም። የዚህ ሞተር ዘር የሚቆጠረው ቢኤምደብሊው በ1980 ካወጣው ሞተርና በ1978 መጨረሻ ቲየሪ ሳቢን ከጀመረው የፓሪስ ዳካር ውድድር ነው። ከዚያ በኋላ ስሞቹን ስሙ። ያማሃ «ቴኔሬ» አለ፤ የኒጀር በረሃ ነው። ሆንዳ «አፍሪካ ትዊን» አለ። አፕሪሊያ «ቱዋሬግ» አለ፤ የሕዝብ ስም ነው፤ ሰው በሕይወት እያለ ስሙን ታንኳ ላይ እንደመጻፍ ያለ ነገር። ውድድሩ ራሱ በ2008 በጸጥታ ስጋት ተሰርዞ ከአፍሪካ ወጣ፤ መጀመሪያ ወደ ደቡብ አሜሪካ፣ ከ2020 ወዲህ ደግሞ ወደ ሳዑዲ ሄደ። ስሙ ግን በሰርባቶዮው ላይ ተጽፎ ቀረ። አፍሪካን ሳይረግጡ አፍሪካን መሸጥ ይቻላል ማለት ነው።

ልጁ ፎቶግራፉን ረጅም ጊዜ ቆሞ አየው። እኔ ምን እያሰበ እንደሆነ ገባኝ፤ ምክንያቱም ያን ታሪክ ቃል በቃል ወደ ጣልያንኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። ከካርቱም ተነስተው በአንድ ፒክአፕ ላይ እንደ ማገዶ ተደራርበው፣ እንዳይወድቁ በጭነቱ መካከል የተሰካውን እንጨት ጭነው፣ በሊቢያዋ በኩፍራ በኩል ነበር ያለፉት። ትርጉሙን ስጨርስ የኮሚሽኑ ሴትዮ ብዕሯን አስቀምጣ ውሃ ጠይቃ ነበር።

«ጋሼ» አለኝ ዞር ብሎ። «ይኼ ሰውዬ ውሃው የታለ?»

እውነቱን ነው። ሞተሩ ላይ ጀሪካን የለም፣ ሻንጣ የለም፣ ኮዳ እንኳ የለም። ያን በረሃ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ከዚያ በኋላ ማስታወቂያው ለእኔ ሞተ። ስለ ቻይናው ሞተር የወደድኩት አንዱ ነገርም ይኸው ነው፤ እዚህ አውሮፓ ሲሸጥ ስሙ ቁጥርና ፊደል ብቻ ነው። አያቴን አይሸጥልኝም።

ልጁ ከዚያ ወደ ሞተሩ ሄዶ ተንበረከከ። እኔ ወረቀቱን አነበብኩ። 449 ሲሲ፣ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሲሊንደሮች፣ ወደ 44 የፈረስ ጉልበት። ሲሊንደሮቹ የሚተኩሱበት ርቀት እኩል ስላልሆነ ድምፁ ከትንሽነቱ ይልቅ ወፍራም ነው፤ በዝቅተኛ ማርሽም ኮረኮንች ላይ ጎማውን ቀስ አድርጎ ይዞ ይሄዳል። የፊት ጎማው 21 ኢንች፣ የኋላው 18፤ ድንጋይ ለሚያልፍ ትክክለኛው ልክ ነው። ሞላዎቹ 200 ሚሊ ሜትር ያህል ይጓዛሉ፤ ጎማዎቹ ባለ ሽቦ ሆነው ካላማዳሪ አይፈልጉም፤ ሰርባቶዮው 17 ሊትር ተኩል ይይዛል፤ ኮርቻው ከመሬት 82 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለእኔ ቁመት እግዜር ይስጠው። ዋጋው ስድስት ሺህ ዩሮ ግድም ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ከሌሎቹ ቤት ለማግኘት ሲበዛ መጨመር ያስፈልጋል።

ጉድለቱንም ልናገር። ክብደቱ 175 ኪሎ ተብሎ የተጻፈው ነዳጅና ፈሳሽ ሳይጨመርበት ነው። ሰርባቶዮው ሲሞላ ቤንዚኑ ብቻ 13 ኪሎ ይሆናል፤ ዘይቱና ውሃው ሲታከልበት ሰው ከመሬት የሚያነሳው ሞተር ከ190 ኪሎ በላይ ነው። ወረቀት ላይ ደረቅ ክብደት መጻፍ የቻይኖች ብቻ አመል አይደለም፤ አመል ግን ነው። 44 የፈረስ ጉልበት ደግሞ ለፍላሚኒያ ይበቃል፤ ሚስቴን ከኋላ አስቀምጬ በ130 አውቶስትራዳ ላይ ልንዳ ብል ግን ሞተሩም እሷም ይቆጡኛል። ዋናው ስጋቴ ግን ሌላ ነው። አዲስ ሞዴል ነው፤ አሥር ዓመት የሞላው አንድም የለም። በአሥረኛው ዓመት እንዴት እንደሚሆን ሊነግረኝ የሚችል ሰው ገና አልተፈጠረም። መልሼ ልሽጠው ብልም ገዢው እንደ ወዳጄ ያለ ሰው ቢሆን ዋጋዬ ይወርዳል። የሰው ጭፍን ፍርድ በገበያ ላይ እውነተኛ ገንዘብ ያስከፍላል።

ይህን ሁሉ ሳሰላስል ልጁ ተነስቶ እጁን ጠረገና ሻጩን በጣልያንኛ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀው። «ወድቆ የፍሪሲዮን ማንሻው ቢሰበር ሌላው በስንት ቀን ይመጣል?»

ሻጩ ደግ ሰው ነው፤ አልዋሸም። ማንሻው፣ የፍሬን ሸራውና ፊልትሮው መደርደሪያ ላይ እንዳሉ አሳየን። የፊት መብራቱና የጎን ፕላስቲኩ ግን በትዕዛዝ እንደሚመጡ፣ ቀኑንም መቁረጥ እንደማይችል ነገረን። ልጁ ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ እኔ አንድ ሳምንት ከቆምኩ የቤት ኪራይ የለኝም። አንተስ ስንት ቀን መቆም ትችላለህ?» አለኝ።

ወዳጄና እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ ሀገር ስም ስንከራከር ያልነካነውን ነገር አንድ ምግብ አድራሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው። ይህን የምለው ልጁን ለማወደስ አይደለም። እኛ የተማርነው ወገኖች ይህችን ጥያቄ ሳንጠይቅ ስንት ዘመን እንደከረምን ስላስታወሰኝ ነው።

የአዲስ አበባውን ቀላል ባቡር አስቡት። በመስከረም 2015 ሥራ ሲጀምር በውጭ ያለነው ለሁለት ተከፈልን። ግማሻችን «የቻይና ነው፣ ዓመት አይቆይም» አልን፤ ግማሻችን ደግሞ «ቻይና ናት እውነተኛ ወዳጃችን፣ ምዕራባውያን ይፈሩ» አልን። 34 ኪሎ ሜትር ሐዲድ፣ 475 ሚሊዮን ዶላር፣ 41 ባቡር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከ41ዱ አብዛኞቹ ቆሙ። ያቆማቸውም በዋናነት የመለዋወጫና መለዋወጫውን የሚገዛ የውጭ ምንዛሪ እጦት ነው። የመጀመሪያዎቹ «አላልንም?» አሉ፤ ሁለተኞቹ ዝም አሉ። እኔም በዚያን ጊዜ ጽፌአለሁና ራሴን አልለይም፤ የጻፍኩት ስለ ብድሩ፣ ስለ ወለዱ፣ ስለ ሉዓላዊነት ነበር፤ ክቡር ክቡር ቃላት። ጎማው ሲያልቅ ማን በስንት ቀን ይተካዋል፣ ዶላሩስ ከየት ይመጣል ብዬ አንድ መስመር አልጻፍኩም። ተሳፋሪውን ግን ፀሐይ ላይ ያቆመው ያ ያልተጻፈው መስመር ነው።

ሰሞኑን ደግሞ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ዘመዶቼ ቅጽሉ እየተገለበጠ መሆኑን ይነግሩኛል። በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ከተማው በቻይና የኤሌክትሪክ መኪኖች ተሞልቷል፤ «ቢዋይዲ ገዛሁ» ማለት መከበሪያ ሆኗል አሉ። ትናንት «የቻይና ነው» ብሎ ያጣጣለ ሰው ዛሬ በዚያው አፉ «የቻይና ነው!» ብሎ ይኮራል። ባትሪው ሲደክም የሚጠግነው ማን እንደሆነ አንዷን የአክስቴን ልጅ ብጠይቃት «ኧረ አንተ ደግሞ፣ ገና አዲስ ነው እኮ!» አለችኝ።

ወደ ሻጩ በዚያው ሳምንት ብቻዬን ተመለስኩ። የአውሮፓ ሕግ ሻጩን ለሁለት ዓመት ተጠያቂ ያደርገዋል፤ እሱን አውቃለሁ። እኔ የፈለግሁት ከሕጉ በላይ ነው። የሚሰበሩ ነገሮችን ዘርዝሬ በወረቀት ይዤ ሄድኩ፤ ሁለቱ ማንሻዎች፣ የፍሬን ሸራ፣ ካቴና ከነጥርሱ፣ ካንዴላ፣ የፊት መብራት። መብራቱን አብሮ እንዲያዝልኝና ዋጋውን አሁኑኑ እንድከፍል ተስማማን። የቀሩትን ደግሞ መደርደሪያው ላይ እንደሚያቆይልኝ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ጠየቅሁት። እንዲህ ያለ ደንበኛ ገጥሞት እንደማያውቅ እየነገረኝ በእጁ ጻፈልኝ፤ ማኅተሙንም አሳረፈበት። ቀብድ ከፈልኩ። ሞተሩ በሦስት ሳምንት ይመጣል።

ማታ ወዳጄ ደወለ።

«እህ፣ እንዴት ሆነ? ገዛኸው?»

«ቀብድ ሰጥቻለሁ» አልኩት።

«የቻይናውን?»

«450ውን።»

ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ «መብራቱ ስንት ነው አሉህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። «ኧረ ደህና ነው» አለ። የእሱ መኪና፣ የእውነት የጣልያን የሆነችው፣ በአንድ መስታወት ምክንያት ጋራዥ ከገባች ወር ሊሞላት ነው።